የእድራችን የቆሻሻ መዝገብ

እሑድ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐሙስ ዕለት ድንኳን ነቀልን። ሦስት ቀን የተቀመጥንበት ልቅሶ ነበር። ወጣቶቹ ሸራውን ሲያጥፉ እኔ አግዳሚ ወንበሮቹን ልቆጥር ጎንበስ ብል፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሃይላንድ ተደርድሯል። ወንበሩን ትቼ እርሱን ቆጠርኩ። 412። ከመቶ የሚበልጡት ግማሻቸው እንኳን አልተጠጣም። ሰው ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ፣ ክዳኑን መልሶ፣ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብሎ ሄዷል።

ከዚያ ዕቃ ቤት ገባሁ። የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ የንብረቱን መዝገብ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ድንኳን፣ 40 አግዳሚ፣ ስድስት ትልልቅ ብረት ድስት፣ 200 የብረት ሳህን፣ 180 ብርጭቆ፣ አራት ጀሪካን። ብርጭቆዎቹ ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል፤ ካርቶኑ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። እድሩን ያቋቋሙት አባቶችና እናቶች ሳንቲም አዋጥተው አንድ ድስት ለመቶ ቤት እንዲበቃ አደረጉ። እኛ ብርጭቆውን ቆልፈንበት ውኃ በእሽግ እንገዛለን።

ዛሬ በወርኃዊው ስብሰባ “ልዩ ልዩ” በሚለው አጀንዳ ሥር አነሣሁት። አንድ አባት “መምህር፣ ሰው ሞቶብን ሃይላንድ እንቁጠር?” አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰብሳቢያችን ግን አልሳቁም። “ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ብለው አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረጉ።

ከሥራው ይልቅ ስሙ አከራከረን። የገንዘብ ያዣችን ልጅ ዜሮ ብክነት የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ነገረችን። ጃፓን ውስጥ ካሚካትሱ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ነዋሪዎቿ ቆሻሻቸውን ከ40 በሚበልጥ ዓይነት ለይተው ያስቀምጣሉ አለች። አንዲት እናት “አርባ ቅርጫት የሚያስቀምጥ ግቢ ቢኖረኝ አከራየው ነበር” አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ “የቆሻሻ ቅነሳ ኮሚቴ” ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ የሚለውን ቃል በማኅተም ለማጽናት አልደፈርኩም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ኮሚቴው የየቤቱን ቆሻሻ የመዘነበት ሰባት ቀን አለቀ። 22 ቤተሰብ ፈቃደኛ ሆነ። ማታ ማታ አሮጌውን የድንኳን ሸራ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዘርግተን፣ ከእህል ነጋዴ የተዋስነውን የሚንጠለጠል ሚዛን በበረንዳው እንጨት ላይ ሰቅለን፣ ጓንት አድርገን ስንበትንና ስንለይ ሰነበትን። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየናል። ዕቃ የጠፋብን መስሎት “ምን ጠፍቷችሁ ነው?” ያለን ሰው አለ።

ጠቅላላው 318 ኪሎ ሆነ። ከዚህ 197 ኪሎው የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ። ጾም በመሆኑ አትክልቱ ከወትሮው በዝቶ ይሆናል። 49 ኪሎ አመድና የግቢ ጥራጊ፤ 26 ኪሎ ዳይፐር፣ ጨርቅ፣ አሮጌ ጫማና የተሰበረ ጠርሙስ፤ 21 ኪሎ ፌስታል፤ 16 ኪሎ ወረቀትና ካርቶን። ሃይላንዱ ዘጠኝ ኪሎ።

ዘጠኝ! በሃይላንድ ስብሰባ የረበሽኩት ሰውዬ አፈርኩ። እውነተኛው ሸክም ነገ ተመልሶ አፈር ሊሆን የሚችለው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሚዛንም ሁሉን አይናገርም። ፌስታሉን ለብቻው ብንከምረው ክምሩ ከልጣጩ ክምር በለጠ።

አንዷን ቋጠሮ ለይቼ ጻፍኳት። ከላይ ትልቅ ኩርቱ ፌስታል። እርሱ ሲፈታ መካከለኛ ጥቁር ፌስታል። በእርሱ ውስጥ ደግሞ ጣት የማይፈታው፣ ጥርስ የሚፈልግ ቋጠሮ ያለው ቀጭን ፌስታል። በዚህኛው ውስጥ የሁለት ሽንኩርት ልጣጭና አንድ የከረሜላ ልባስ። ሁለት ሽንኩርት በሦስት መጎናጸፊያ ተገንዞ ሊቀበር ሄዷል።

ሐሙስ ማታ የሰፈራችንን ቆሻሻ የምትሰበስበው ልጅ ጋሪዋን አቁማ ስታየን ቆየች። “ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የምትለዩት ለማን ነው?” አለችኝ። ለእናንተ፣ ሥራ እንዲቀላችሁ ብዬ መለስኩ። “ጋሪው አንድ ነው፣ ገንዳውም አንድ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ይቀላቀላል” አለች። ክፋት የለባትም፤ ያለውን ነው የነገረችኝ።

ገንዳው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠፋው የሰፈራችን ሰው የለም። ቆሼ ቅርባችን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር እኛ ቤታችን ነበርን። በዚያ ሳምንት ድንኳናችንን አውሰናል። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ ነገር ግን እርጥብ ልጣጭ ለምድጃ አይመችም። ውኃው እስኪተን ድረስ ራሱ ሙቀት ይበላል። ይህን 31 ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው መዘንጋት አልነበረበትም።

ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ወሰነ፦ እርጥቡ ከሰፈር አይወጣም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት በአራት ሜትር በምትሆን ቦታ ላይ፣ ከዕቃ ማሸጊያ እንጨት ሦስት ሣጥን መታን። የእያንዳንዱ ጎንና ቁመት አንድ አንድ ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን አይዝም፤ ከበለጠ ደግሞ ለማገላበጥ ያስቸግራል።

ሕጉ ቀላል ነው። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ደረቅ፤ በየመሐሉ አንድ አካፋ አፈር። ለደረቁ ከመንገድ ማዶ ያሉት የቤት ዕቃ ሠሪዎች ሰጋቱራቸውን በማዳበሪያ ሞልተው ሰጡን፤ የሚያነሣላቸው በማግኘታቸው አመሰገኑን እንጂ ዋጋ አልጠየቁም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከልክለናል፤ ቶሎ አይበሰብስም። አንድ ጎረቤት “ባሕር ዛፉን ከለከላችሁ፣ የጫት ገረባስ?” ብሎ ጠየቀ። ገረባ ይገባል፤ ቢቆራረጥ ይመረጣል። ጥያቄው ለጠቅላላ ዕውቀት ነው ብሏል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ፋሲካ አለፈ። እሑድ ጠዋት ሣጥኑ ጋ ስደርስ ሁለት ማዳበሪያ ፈርስ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከበግ ሆድ የወጣ፣ ገና የሚሞቅ፣ ግማሽ የተፈጨ ሣር። ለብስባሽ ከዚህ የተሻለ እርሾ የለም። ከሰጋቱራው ጋር አለበስነው።

ዛሬ በአራተኛ ቀኑ በመሐሉ ተክዬው የነበረውን የወይራ በትር መዝዤ ጫፉን ጨበጥኩ። ይዞ መቆየት አልተቻለም። ሰብሳቢያችንን ጠርቼ አስጨበጥኳቸው። በትሩን ከእጅ እጅ እያቀያየሩ “እሳት የለበትም?” አሉ። የለበትም አልኳቸው። “እንግዲያው ምኑ ነው የሚነደው?” በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሲበሉ የሚፈጥሩት ሙቀት መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና “በዓል ደርሷቸዋላ” አሉ።

አጥንት እንዳይገባ ብንናገርም የገባ አለ። ሌሊት ውሾች አንዱን ሣጥን ገልብጠውት አደሩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ሃይላንዱን ለማን እንስጠው በሚለው ላይ ወሰንን። እድሩ በሁለት ማዳበሪያ ያጠራቅማል፣ ቁራሌ ሲመጣ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለጀሪካን ቧንቧ መግጠሚያ ይውላል። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በጭብጨባ አለፈ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

በጭብጨባ ያለፈ ነገር ሁሉ ልክ አይደለም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የቆሻሻ ጋሪው ሰፈራችን አልመጣም። መጀመሪያ ጋሪው ተሰብሮ ነው ተባልን። ከዚያ ሰው ታሞ ነው። በየደጃፉ ማዳበሪያ ተከመረ፤ ሰው ጣቱን ወደ ኮሚቴው ቀሰረ። ትናንት ልጅቷን ከላይኛው ሰፈር መንገድ ላይ አግኝቼ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። ከደመወዛቸው ላይ የሚጨምሩት፣ ለምሳና ለታክሲ የሚሆናቸው፣ ከየማዳበሪያው ለቅመው የሚሸጡት ሃይላንድ ነው። እኛ እርሱን ለይተን ወሰድንባቸው፤ ልጣጩን ለብስባሽ አስቀረን፤ ለእነርሱ የተረፈው ዳይፐርና የሚቆርጥ ጠርሙስ ነው። “እኛ የሚገማውን ብቻ እንድንጭን ነው ኮሚቴው የተቋቋመው?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሰፈርን ቆሻሻ ስናጠና ከእርሱ የሚኖረውን ሰው ሳናጠና ቀርተናል። ዛሬ በስብሰባው ላይ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ውሳኔው እንዲሻር ጠየቅሁ። ከእንግዲህ ሃይላንዱ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተለይቶ፣ ካርቶኑም ሳይረጥብ፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በእጃቸው ይሰጣል። ማክሰኞና ዓርብ ይመጣሉ። ተሰባሪ ነገር ለብቻው በቆርቆሮ ይሆናል። የቧንቧውን ገንዘብ ከሌላ እንፈልጋለን። አንድ አባል “ታዲያ እድሩ ምን ተረፈው?” ሲል ገንዘብ ያዧ “ጋሪው” ብላ ዘጋችው።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ አዲሱ አዋጅ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል፤ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ከዚህ በፊትም ሕግ አልጠፋም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ በቀላሉ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት ይከለክል ነበር። እኔ ግን ፌስታል በጣቱ ዳብሶ 0.03 ሚሊ ሜትርን የሚለይ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሙሉ ክልከላ ቢያንስ ዳብሶ ማወቅ አይጠይቅም።

እኛ ከአዋጁ በፊት በሚያዝያ ውስጥ 90 የጨርቅ ከረጢት አሰፍተን አድለን ነበር፤ ከዱቄት ጆንያ የተሠራ፣ ብር ሳይከፈልበት። ውጤቱን ልጻፈው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይዞት ይወጣል። በሁለተኛው ግማሹ ቤት ይረሳዋል። በሦስተኛው ሳምንት የእኔ ቤት ከረጢት የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኖ በምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ባለቤቴን ብጠይቃት “አንተ ሱቅ የምትሄደው ከሥራ መልስ እንጂ ከቤት ተነሥተህ ነው እንዴ?” አለችኝ። ጡረተኛ መሆኔን ዘንግታለች፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ሰው ፌስታል የሚፈልገው ሳያስበው ነው።

ስለዚህ ከረጢቶቹን ከየቤቱ ሰብስበን በሦስት ሱቆችና በአንድ ሥጋ ቤት ሰቀልናቸው። የረሳ ወስዶ በማግስቱ ይመልሳል። ባለሱቆቹ ስም ይጽፋሉ። ከ90ው 74ቱ አሁንም ይዞራሉ።

ጉሊት ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው። ቲማቲም የሚሸጡት እናት ፌስታል ብቻ ሳይሆን ጥቁር ፌስታል ይመርጣሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልጄ፣ ሰዉ አሁን ግማሽ ኪሎ አይደለም የሚገዛው። አራት ቲማቲም፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት ነው። በሚያሳይ ነገር ይዞ ጎረቤት ፊት ይለፍ? ጥቁሩ ገመና ይሸፍናል።” ይህን ቃል በሦስት ወር ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ በላይ ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ። የመረብ ከረጢት ልናሠራ ገንዘብ ለይተን ነበር፤ በዚያው ዕለት ሰረዝነው። ወፍራም ጨርቅ ይሁን፣ ቢቻል ጠቆር ያለ።

በነገራችን ላይ፣ ሰፈራችን ውስጥ ፌስታል አጥበው በልብስ ገመድ ላይ የሚያሰጡ አንዲት አረጋዊት እናት አሉ። እማማ ይባላሉ፤ ሌላ መጠሪያ ሲጠቀም የሰማሁት የለም። ዝናብ ሲመጣ ከነጠላቸው ቀድመው የሚያስገቡት ፌስታሉን ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ክረምቱ ገባና ብስባሹን አሰጠመው።

ሽታው መጀመሪያ የደረሰው ከሣጥኑ አጠገብ ላለው ቤት ነው። ጎረቤቱ ቀጥታ እኔ ቤት መጡ፤ ትሕትናቸውን ጠብቀው ነው፣ ግን አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘዋል። ሄጄ ሣጥኑን ብከፍት ጥቁር ጭቃ ነው፤ ትሉ ይርመሰመሳል። በትሩ ቀዝቃዛ። ውኃው አየሩን አስወጥቶ ክምሩን አፍኖታል። ከአየር ጋር የሚኖሩት ሞተው ያለ አየር የሚኖሩት ነግሠዋል፤ የሚሸተው የእነርሱ ሥራ ነው። ሥሩ ጠጠር ማንጠፍ፣ ላዩን መክደን ነበረብን። ሁለቱንም አላደረግንም።

ሦስት ቀን ሠራን። ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን። ጭቃውን በመንሽ አውጥተን ከስምንት ማዳበሪያ ሰጋቱራ ጋር ለወስነው። ከሥር የተሰበረ ሸክላና ጠጠር አነጠፍን። ከላይ ለምዘና የተጠቀምንበትን የድንኳን ሸራ በእንጨት ወጥረን ጣራ አደረግነው። ያ ሸራ በ1986 የተገዛ ነው። ስንት ልቅሶ ያስጠለለ ጨርቅ የሽንኩርት ልጣጭ ያስጠልል ጀመር።

በአምስተኛው ቀን በትሩ ለብ አለ። ጎረቤቱም እንደገና ሰላምታ ይሰጡኛል።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ዓርብ ዕለት በሬድዮ ሰማሁ፤ ከ180 በላይ አገሮች የፕላስቲክ ብክለትን ለማስቆም አሳሪ ውል ለመዋዋል ጄኔቭ ላይ ከዐሥር ቀን በላይ ተቀምጠው ያለ ስምምነት ተበተኑ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተነጋገሩበት ነው። አንዱ ወገን ምርቱ ራሱ ይቀነስ ይላል፤ ነዳጅ ያላቸው አገሮች ቆሻሻውን በማስወገድ ላይ ብቻ እናተኩር ይላሉ። ዛሬ እኛ 164 አባላት ሆነን ስለ ብርጭቆ ስንከራከር ለጄኔቮቹ አዘንኩላቸው።

የቀረበው ደንብ ይህ ነው፦ በልቅሶ ድንኳን ውስጥ የታሸገ ውኃ አይቀርብም፤ የአንድ ጊዜ ሳህንና ኩባያ አይገባም። ውኃውን እድሩ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ቧንቧ በተገጠመለት ጀሪካን ያቀርባል።

“ውኃ በጆግ ያጠጣ ሰው እናቱን በርካሽ ቀበረ ይባላል” አለ አንዱ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ይሉኝታ ነው። ማንም ሃይላንዱን ስለ ጣዕሙ አልተሟገተለትም። ሰብሳቢያችን ተነሡ። “ለዚሁ ነው ደንብ የሚሆነው። ቤተሰቡ አልገዛም ካለ ቆጣቢ ይባላል። እድሩ ከለከለኝ ካለ ግን ማን ምን ይለዋል? ይሉኝታውን እድሩ ይሸከምለት።” ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ መቃብር ቁፋሮውን የምንሸከመው እንዲሁ እኮ ነው።

ያለቀ መስሎኝ ብዕሬን ሳነሣ ከኋላ በኩል የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ተነሡ። “መምህር፣ 180ውን ብርጭቆ የሚያጥበው ማን ነው?”

ዝም አልን። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሴቶቹ ናቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ድስት የሚያጥቡት፣ ሌሊት ሽሮ የሚያማስሉት። ሃይላንድ ከሰፈራችን የገባው ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ለእነርሱ እፎይታ ነበር። እኔ አምስት ወር ሙሉ ስመዝን ይህችን ክብደት ሚዛን ላይ አላወጣኋትም።

ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ እንዲህ ተባለ። በእያንዳንዱ ልቅሶ አራት ወንዶች በተራ ብርጭቆ ያጥባሉ። ተራው ደርሶት የቀረ፣ ከቀብር የቀረ ሰው የሚቀጣውን ያህል ይቀጣል። ዝርዝሩ የሚጀመረው ከኮሚቴው ነው። ድምፅ ተሰጠ፤ 97 ለ31 አለፈ፤ የቀረው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያው ልቅሶ ዛሬ በሠልስቱ ተጠናቀቀ። ጥሩምባው ቅዳሜ ንጋት ላይ ሲነፋ በመጀመሪያ ያሰብኩት ሟቿን ነው፤ ደግ ሴት ነበሩ። ሁለተኛ ያሰብኩት ብርጭቆውን ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

ከአሜሪካ የመጣው ወንድማቸው እሑድ ዕለት መኪና ሙሉ የታሸገ ውኃ ይዞ ደረሰ። ማን ይንገረው? ሰብሳቢያችን በር ላይ አቅፈው አጽናኑት፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ውኃ በብርጭቆ አስመጥተው ራሳቸው ቀድመው ጠጡ። ከዚያ ስለ ደንቡ ነገሩት። ትንሽ ፊቱ ተለወጠና “እናቴ በዚህ ብርጭቆ ነበር የምታጠጣን” አለ። በኋላ እንደገባኝ ብርጭቆውን በ1970ዎቹ ካዋጡት መካከል እናቱ አንዷ ናቸው። ውኃው እንደታሸገ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ተሰጠ፤ ምርጫው የእርሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሸሚዜን ጠቅልዬ ጎንበስ አልኩ። ሁለት ሳፋ፣ አንዱ በሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ከአራት ዙር በኋላ ወገቤ የራሴ አልሆን አለ። ሴቶቹ ከጉልቻው ጋ ሆነው ያዩኛል፤ አንዷ “መምህር፣ አፉን ብቻ አይደለም፣ ቂጡንም እሹት” አለች። በልቅሶ ቤት የማይሳቅ ሳቅ ተሳቀ።

ዐሥራ አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል። ከድንኳኑ ሥር ያገኘሁት ሃይላንድ 37 ነው፤ ሰው በቦርሳው ይዞት የመጣው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የመጀመሪያውን ሣጥን በወንፊት ነፋን። ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት። ሽንኩርት ነበርኩ የሚል ቁራጭ የለበትም። የከረሜላ ልባሱ ግን እንደነበረ ወጣ፤ ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም። አምስት ማዳበሪያ ብስባሽ ለ40 ቤት ተከፋፈለ። ግማሹ ሰው በአሮጌ ጀሪካንና በማዳበሪያ ጎመን ተክሏል።

ልጣጭ የሚያመጡት ቤቶች ከ22 ወደ 71 ደርሰዋል። የሰብሳቢዎቹ ጋሪ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሞልቶ ይወጣ የነበረው ሁለት ሆኗል። ዳይፐሩ ላይ ምንም አልሠራንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ያ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህ በሚካኤል ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ደጃፉ ላይ ያነዳል። በአያቶቻችን ጊዜ የሚነደው ቅጠል፣ ገለባና አሮጌ ሰሌን ነበር። በእኛ ጊዜ ፌስታልና ሶፋ ሆነ። ጢሱ ያኔ በሽታ ያባርር እንደሆነ አላውቅም፤ የአሁኑ በሽታ ይጠራል።

ሰብሳቢያችን ልማዱ መተው እንደሌለበት ተናገሩ፤ እኔም ተስማማሁ። አንድ እሳት ብቻ፣ በሜዳው ላይ፣ የሚነደው ቅጠልና ቅርንጫፍ ብቻ። ወጣቶቹ ዙሪያውን ቆመው የሚመጣውን ማዳበሪያ ሁሉ እየፈተሹ ይለያሉ። ከማለዳው ጀምሮ ሦስት ማዳበሪያ መንደድ የሌለበት ነገር ወጥቷል፦ የስልክ ሽፋን፣ ግማሽ ወንበር፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ የሰርግ አበባ፣ ሰው ሠራሹ።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ እማማ በበትራቸው እየተደገፉ መጡ። ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል። ልጆቹ በአክብሮት ተቀብለው ፈቱት፤ የደረቀ የጤና አዳም ግንድ፣ ጥራጊ፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ። ግንዱና ጥራጊው ወደ እሳቱ ገባ። ጫማው ተለየ። ፌስታሉንም ልጁ ወደ ማዳበሪያው ሊከተው ሲል እማማ በትራቸውን አነሡ።

“ጫማውን ለቁራሌ ስጠው። ፌስታሌን ግን መልስልኝ፤ ትናንት ነው ያጠብኩት።”